መልከ ጥፉዎቹ ሴሎች

በሐምሌ ቀትር ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ጥቂት ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ ከምዕራብ በረሃ የሚነሳው ከምሲን የተባለ ነፋስ አቧራውን እየነዳ ይመጣል፤ ሱቆች ይዘጋሉ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከተማው ጥላ ውስጥ ይከተታል። ከዚያ በኋላ በሐሙዲ መስጊድ አጠገብ ያለው የማሕሙድ ሐርቢ አደባባይ እንደገና ይሞላል፤ የባልባላ ሚኒባሶች ረዳቶች ይጣራሉ፤ ሶማልኛው፣ አፋርኛው፣ ዓረብኛውና ፈረንሳይኛው ይደባለቃል። በመሃሉ አማርኛም አይጠፋም። ከጋላፊ በር የገቡ የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ በየምግብ ቤቱ ጓዳ የሚሠሩ፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩ፣ ቀይ ባሕርን ለመሻገር መጥተው እዚሁ የቀሩ ኢትዮጵያውያን በዚህ ከተማ ብዙ ናቸው።

ከእነዚህ መካከል አንዲት ሴት እናስብ። ታሪኳ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ በዚህ መንገድ ከሚያልፉ ብዙ ሰዎች የተውጣጣ ነው። ዕድሜዋ ከሠላሳ በላይ ነው፤ ከድሬዳዋ መጥታ በአንድ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች። ከጉልበቷ በታች፣ ቅልጥሟ ላይ፣ ምስር የምታህል ቡናማ እብጠት ከወጣች ሁለት ሦስት ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ ትንኝ የነከሳት መስሏት ነበር። እብጠቷ ግን አልጠፋችም፤ ጠነከረች፣ ባቄላ አከለች። ጓደኛዋ ማርያም የሳመችሽ ነው ብላ አረጋጋቻት። እናቷ በስልክ የነገሯት ግን ሌላ ነው፦ “ልጄ፣ ቢላ እንዳታስነኪው። ዕጢ ቢላ ከነካው ይበተናል።”

እሷ ግን አስነካችው። አንድ ሐኪም አካባቢውን በመርፌ አደንዝዞ በሩብ ሰዓት ውስጥ እብጠቱን ከነሥሩ አወጣው፤ ነርሷ ሥጋውን በትንሽ ዕቃ ፎርማሊን ውስጥ ከተተችው። ከሳምንታት በኋላ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ወረቀት እጇ ገባ። ፈረንሳይኛ የሚያነብ አንድ የሠፈር ሰው ወረቀቱን ይዞ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመ። “ያልተለመዱ ሴሎች አሉበት ይላል” አላት። ዝቅ ብሎ ደግሞ “ጭራቅ የሚመስሉ ሴሎች” የሚል አገኘ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላነበበላትም፤ እሷም መስማት አልቻለችም። ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ግን ዕጢው አደገኛ እንዳልሆነ፣ ከነጠርዙ ተጠርጎ እንደወጣ፣ ሌላ ሕክምና እንደማያስፈልገው ተጽፎ ነበር።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በእነዚያ አስፈሪ ቃላትና በወረቀቱ የመጨረሻ መስመር መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ የሚያስፈሩ ሴሎችን የያዘ ዕጢ እንዴት ደኅና ሊሆን ይችላል? ይህንን የሚወስነው ሰው ምን አይቶ ነው? ካላየስ?

የእናትየው ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። በአገራችን ሰው ወደ ቀዶ ሕክምና የሚሄደው ብዙ ጊዜ ጸበሉም፣ ቅጠሉም፣ ትዕግሥቱም ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ካንሰሩ ቀድሞ ተሠራጭቷል፤ ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባረፈ ቁጥር ጥፋቱ በቢላው ላይ ይደረጋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ቅልጥም ላይ የሚወጣ እንዲህ ያለ እብጠት ስለተቆረጠ አይበተንም። እንዲያውም ሳይቆረጥና ሳይታይ የቀረው ነው የሚያሳስበው። ለዚህ የአካባቢው ታሪክ ራሱ አንድ ትልቅ ምሳሌ አለው።

ዛሬ በማሕሙድ ሐርቢ ስም የሚጠራው አደባባይ ድሮ የራምቦ አደባባይ ይባል ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ለመሸጥ እዚያው ባሕረ ሰላጤ ማዶ ታጁራ ላይ ወራት ሙሉ ተቀምጧል፤ ከዚያም ሐረር ነጋዴ ሆኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1891 መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱን ያመው ጀመር። ራሱ የመሰለው የደም ሥር እብጠት ስለነበር፣ ለዚያ የሚሆን ካልሲ እንድትልክለት ለእናቱ ጻፈ። ጉልበቱ እያበጠና እየጠነከረ ሄደ። በሚያዝያ ወር 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመውት ከሐረር እስከ ዘይላ ወደብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ አቋረጡ፤ ከዚያ ወደ ኤደን፣ ከኤደን ወደ ማርሴይ። በግንቦት 27 እግሩ ተቆረጠ፤ በኅዳር 10 ሞተ፤ ዕድሜው 37 ነበር። በሐረርም ሆነ በመንገዱ ሁሉ ከጉልበቱ ቅንጣት ወስዶ በአጉሊ መነጽር ሊያይለት የሚችል ሰው አልነበረም። ቢኖር ይድን ነበር ማለቴ አይደለም፤ በዚያ ዘመን በጉልበቱ የነበረውን ዓይነት ዕጢ የሚያድን ሕክምና እምብዛም አልነበረም። ነገር ግን እብጠት ሁሉ ከውጭ ሲታይ አንድ ይመስላል፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ውስጡ ሲታይ ነው፤ ለማየት ደግሞ ዕውቀትና መሣሪያ ያለበት ቦታ መድረስ ያስፈልጋል። ይህ የመጨረሻው ችግር በቀይ ባሕር ዳርቻ እስካሁን አልተቃለለም።

ወደ ሴትየዋ ቅልጥም እንመለስ። ፎርማሊኑ ውስጥ የገባችው የሥጋ ቅንጣት፣ የሥጋ ናሙና የሚመረመርበት ፓቶሎጂ ቤተ ሙከራ ስትደርስ በመጀመሪያ በዓይን ትታያለች፤ ትለካለች፤ ለሁለት ትከፈላለች። ከዚያ በአልኮል ውኃዋ ይወጣል፤ በዛይሊን ትጠራለች፤ በቀለጠ ፓራፊን ሰም ውስጥ ትነከራለች። ሰሙ ሲረጋ ቅንጣቷ የጠነከረ ጡብ ውስጥ ተቀበረች ማለት ነው። ማይክሮቶም የተባለው መቁረጫ ይህንን ጡብ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ውፍረት ባላቸው ስስ ገጾች ይገፈዋል፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ገጹ መስታወት ላይ ይዘረጋና በሁለት ቀለም ይነከራል፦ አንደኛው ሄማቶክሲሊን፣ ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ ግንድ የሚወጣ፣ የሴሉን ኒውክለስ ሰማያዊ ወይን ጠጅ የሚያደርግ፤ ሁለተኛው ኢዮሲን፣ የቀረውን ሮዝ የሚያደርግ። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የዓለም ፓቶሎጂስቶች አብዛኛውን ውሳኔያቸውን የሚሰጡት በእነዚህ ሁለት ቀለሞች ነው።

ፓቶሎጂስቱ መስታወቱን ሲያስቀምጥ መጀመሪያ የሚያየው በዝቅተኛው ማጉያ ነው። ይህ ቅደም ተከተል የልማድ ጉዳይ አይደለም። በዝቅተኛው ማጉያ ሴሎቹ አንድ በአንድ አይለዩም፤ የሚታየው የዕጢው አቀማመጥ ነው። የሴትየዋ ዕጢ የተቀመጠው በቆዳው መካከለኛ ድርብ ውስጥ ነው። በላዩ ያለው የቆዳ ገጽ ወፍሯል፣ ጠቁሯልም፤ እብጠቷ ቡናማ የነበረችው ለዚህ ነው። የዕጢው ክሮች እንደ ሰሌን እርስ በርስ ተጠላልፈዋል። ጠርዙ ላይ ሴሎቹ በወፋፍራሞቹ የኮላጅን ጥቅሎች መካከል ገብተው እያንዳንዱን ጥቅል ከብበውታል። ከታች ያለው ስብ ግን አልተነካም። ይህ ሁሉ ደርማቶፋይብሮማ ከሚባለው እጅግ የተለመደ፣ አደገኛ ያልሆነ የቆዳ ዕጢ ጋር ይስማማል። በተለይ በወጣትና በመካከለኛ ዕድሜ ሴቶች እግር ላይ ይወጣል። ሐኪሙም ቀድሞ ሊጠረጥረው ይችል ነበር፦ እብጠቱን በሁለት ጣት ከግራና ከቀኝ ሲጨምቁት ወደ ላይ ከመውጣት ይልቅ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

እስካሁን የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ጭንቀቱ የሚመጣው ማጉያው ከፍ ሲል ነው። በጸጥተኞቹ ሴሎች መካከል ተበታትነው ሌሎች ይታያሉ፦ ኒውክለሳቸው ከጎረቤቶቻቸው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ፣ ቅርጹ የተዛባ፣ አንዳንዱ ሁለት ሦስት ኒውክለስ የያዘ፣ ውስጡ ኑክሊዮለስ የሚባለው ነጥብ ጎልቶ የሚታይ። ሌላ ምንም ሳይነገረው አንድ ወጣት ሐኪም እነዚህን ብቻ አይቶ ሳርኮማ የተባለው ካንሰር ነው ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። እንዲህ ያለ ስህተት እንደሚያጋጥም የቆዳ ፓቶሎጂ ጸሐፍት ከገለጹት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 ፉካሚዙና ባልደረቦቹ ሳርኮማ የሚመስል ግን ሳርኮማ ያልሆነ የቆዳ ዕጢ ብለው ጻፉ። በ1987 ታማዳና ኒው ዮርካዊው በርናርድ አከርማን ደርማቶፋይብሮማ ከጭራቅ ሴሎች ጋር የሚለውን ስም ሰጡት። ስሙ ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ ሆኖ የተሰጠ ነው፤ ጭራቅ ብታዩም አትሸበሩ ለማለት። ወረቀቱ ላይ ሠፍሮ ታካሚዋ ዘንድ ሲደርስ ግን ሽብሩን ራሱን ይዞ ደረሰ። እንዲህ ያለ ስም የያዘ ወረቀት ያለ ማብራሪያ ለታካሚ መስጠት ጭካኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ፓቶሎጂስቱ ያልተሸበረው ለምንድን ነው? ካንሰር የሚታወቀው በመልክ ብቻ ሳይሆን በሥራ ስለሆነ ነው። ሴሎቹ ይከፈላሉ ወይ? ሲከፈሉ በሥርዓት ነው ወይስ ክሮሞዞሞቹ በሦስትና በአራት አቅጣጫ እየተጓተቱ? ወደ ታች ስቡን እየበሉ ወርደዋል? የሞተና የበሰበሰ ሥጋ አለ? የሴትየዋ ዕጢ ውስጥ ጭራቆቹ ተቀምጠዋል እንጂ አይባዙም፤ በመስኩ ሁሉ ሲፈለግ የሚከፋፈል ሴል አንድ ሁለት ቢገኝ ነው፤ እሱም በሥርዓት የሚከፈል። ከሁሉ በላይ፣ መልካቸው በከፋው ሴሎች ዙሪያ ያለው የዕጢው አሠራር ከላይ እንዳየነው የደርማቶፋይብሮማ አሠራር ነው። ጥቂት አስፈሪ ፊቶች ያሉበት ደኅና ሠፈር ነው የታየው።

ይህ ነገር በደርማቶፋይብሮማ ብቻ አይደለም የሚታየው። የነርቭ ሽፋን ዕጢ በሆነው ሽዋኖማ ውስጥ ከብዙ ዓመት በኋላ ኒውክለሶቹ ያብጣሉ፣ ይጠቁራሉ፣ ይዛባሉ፤ ሎረን አከርማንና ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1951 ያረጀ ዕጢ ብለው ገለጹት። (ይህ አከርማን ከላይኛው ጋር ስማቸው ይገጥማል እንጂ ሰዎቹ የተለያዩ ናቸው።) በእርጅና የተዛባ ኒውክለስ ብዙ ጊዜ የሚለየው ውስጡ የደበዘዘና የተድበሰበሰ በመሆኑ ነው፤ ለመባዛት የሚዘጋጅ ሴል ግን ውስጡ ሻካራና ጥርት ያለ ነው። በ1989 ደግሞ ካሚኖና ባልደረቦቿ ስምንት ታካሚዎች ላይ ያገኙትን ፕሊዮሞርፊክ ፋይብሮማ ጻፉ፤ ከቆዳ ላይ የተንጠለጠለ ትንሽ እብጠት፣ በኮላጅን የተሞላ፣ ሴሎቹ ጥቂት ግን ትላልቅና የተዛቡ፣ ጠባዩ ግን ፍጹም ሰላማዊ። የሥራው ርእስ ራሱ የሴል መዛባት ያለበት ደኅና ዕጢ የሚል ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉም ልቤን የሚነካው ግን የሶፊ ስፒትስ ነገር ነው። አሜሪካዊቷ ፓቶሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1948 የ13 ልጆችን የቆዳ ዕጢ አጥንታ ጻፈች። በመነጽር ሲታዩ ሁሉም ሜላኖማ ይመስላሉ፤ ሜላኖማ ደግሞ ገዳይ ከሆኑ የቆዳ ካንሰሮች አንዱ ነው። ልጆቹ ግን አልሞቱም፤ አንዲት ልጅ ብቻ ሞተች፤ የቀሩት አደጉ። ስፒትስ ከዐይኗና ከልጆቹ ዕጣ አንዱን መምረጥ አልነበረባትም፤ ሁለቱንም መዘገበች፤ የልጆች ሜላኖማ ብላ ሰየመችው፤ ጠባዩ እንደ አዋቂዎቹ እንዳልሆነም ተናገረች። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ዕጢው ሜላኖማ ሳይሆን ደኅና ነገር መሆኑን አረጋገጡ፤ ዛሬ በስሟ ስፒትስ ኒቨስ ይባላል። እሷ ራሷ በ1956 በ46 ዓመቷ በካንሰር ሞተች። እሷ ያንን ባትጽፍ ኖሮ ምን ያህል ልጆች ያለ ምክንያት ጣታቸውን፣ ጆሯቸውን፣ የጉንጫቸውን ሥጋ ያጡ ነበር! ስለ ልጆቹ ዕድሜ ሳያውቅ መስታወቱን ብቻ የሚያይ ሐኪም ያን ዕጢ ሜላኖማ ብሎ ይፈርድ ነበር።

ፍርዱ ቀላል ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 187 ፓቶሎጂስቶችን አሳትፎ 240 የቆዳ ናሙናዎችን አስነበበ፤ ሁሉም ቀለም የሚሠሩ ሴሎች ዕጢዎች ነበሩ። በግልጽ ደኅና የሆኑት ላይ 92 በመቶ የሚሆነው ንባብ ከባለሙያዎች ጉባኤ ውሳኔ ጋር ተስማማ፤ በግልጽ ሥር የሰደደ ሜላኖማ ላይ 72 በመቶ። በመሃል የቆሙት፣ መካከለኛ መዛባት ያለባቸው ላይ ግን ስምምነቱ 25 በመቶ ብቻ ነበር። እነዚህ ልምድ ያላቸው፣ ጥሩ መሣሪያና ጥሩ ቀለም ያላቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከወደብ ከተማ የተላከ፣ ታሪኩ ያልተጻፈበት ናሙና የሚያነብ ሰው ላይ የምንጭነው ሸክም ምን ያህል እንደሆነ ይታያችሁ።

በተቃራኒው በኩል ያለውም አደጋ እውነተኛ ነው። ከደርማቶፋይብሮማ ጋር የሚምታታ አንድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ካንሰር አለ፤ ደርማቶፋይብሮሳርኮማ ፕሮቱበራንስ ይባላል። የእሱ ሴሎች የሚያስፈራ መልክ የላቸውም፤ ተመሳሳይና ጸጥተኛ ናቸው። ነገር ግን ስቡን ቀፎ አስመስለው እየበሱ ይወርዳሉ፤ በጥቂቱ ብቻ ከተቆረጠ ተመልሶ ይመጣል። መልከ መልካሙ አደገኛ፣ መልከ ጥፉው የዋህ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ሁለቱን ለመለየት ሲዲ34 እና ፋክተር 13ኤ የሚባሉ የልዩ ፕሮቲን ምርመራዎች ያግዛሉ፤ ሳርኮማው ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያው፣ ደርማቶፋይብሮማው ለሁለተኛው ይቀለማል። ምርመራዎቹ ውድ ናቸው፤ በየቦታውም አይገኙም። ሌላው ደግሞ ፀሐይ የጎዳው የአረጋውያን ፊትና ራስ ቆዳ ላይ የሚወጣው፣ እንደ ጭራቆቹ ሁሉ ግዙፍ ሴሎች ያሉበት ዕጢ ነው። መስታወት ላይ ብቻ ቢታይ ከሴትየዋ ዕጢ ጋር ሊምታታ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመለክተው ከናሙናው ጋር በሚላከው ወረቀት ላይ የሰፈረ አንድ መስመር ነው፦ ዕድሜ፣ ቦታ፣ የቆዳ ሁኔታ።

ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ሜላኖማ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሊን ብዙዎቻችን በዘፈኑ፣ በሻሸመኔ፣ በክርስትና ስሙ በብርሃነ ሥላሴ እናስታውሰዋለን። እ.ኤ.አ. በ1977 የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የታየው ቁስል ከኳስ የመጣ ጉዳት ይመስል ነበር፤ ሜላኖማ ሆኖ ተገኘ፤ በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። ባዶ እግርና ሸበጥ በተለመደበት አካባቢ፣ ጥፍር ሥር የወጣ ጥቁር መስመርን እንቅፋት ነው ብሎ ማለፍ እጅግ ቀላል ነው። በእኔ እምነት በጅቡቲም ሆነ በድሬዳዋ የሚሠራ ጤና ባለሙያ ጫማ አስወልቆ እግር የማየት ልማድ ቢኖረው ብዙ ሕይወት ይተርፋል።

በእኛ አገር እብጠት የሚያመጣው ደግሞ ዕጢ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ቁንጭር የሚባለው የቆዳ በሽታ አለ፤ የሚያመጣው ጥገኛ ተውሳክ እ.ኤ.አ. በ1973 ሌሽማኒያ ኢትዮፒካ ተብሎ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ተሰየመ፤ በሽኮኮዎች ውስጥ ይኖራል፤ በአሸዋ ዝንብ ወደ ሰው ይተላለፋል። ፊት ላይ የሚያወጣው እብጠት ዕጢ ሊመስል ይችላል። በመነጽር ሲታይ ግን ሴሎቹ በትናንሽ ተውሳኮች ተሞልተዋል፤ እያንዳንዱ ከ2 እስከ 4 ማይክሮን የሚያህል። የሥጋ ደዌ እብጠትም እንዲሁ ነው፤ አረፋ የመሰሉ ሴሎች ይታያሉ፤ ልዩ ቀለም ሲደረግ በውስጣቸው ባክቴሪያው በእሽግ በእሽግ ይገኛል። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት ሆስፒታልና በ1970 ከጎኑ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት በእነዚህ በሽታዎች ለአሥርት ዓመታት ያካበቱት ዕውቀት ለቀጣናው ሁሉ ሀብት ነው። ኢንስቲትዩቱ ስሙን ያገኘው በ1873 የሥጋ ደዌ ባክቴሪያን ካገኘው ኖርዌጂያዊ ነው። እንግዲህ ከቀይ ባሕር ዳር የመጣ ናሙና የሚያይ ፓቶሎጂስት ጥያቄው ካንሰር ነው ወይስ አይደለም ብቻ አይደለም፤ ይህ ሰው ከየት ነው የመጣው፣ ደጋ ኖሯል ወይ የሚለውም ነው።

ነገሩ ሁሉ የሚመለሰው ወደ ፎርማሊኑ ዕቃና ከናሙናው ጋር ወደሚላከው ወረቀት ነው። በጅቡቲ ሙቀት ፎርማሊን ውስጥ ያልገባ ሥጋ በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። የተበላሸ ሴል ኒውክለሱ ያብጣል፣ ይድበሰበሳል፣ ያለ በሽታው ጭራቅ ይመስላል። በጨው ውኃ ውስጥ ወይም በደረቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠም እንዲሁ። በአግባቡ የሚደረገው ናሙናውን ከተቆረጠ ወዲያውኑ ቢያንስ አሥር እጥፍ በሚሆን ፎርማሊን ውስጥ መክተት ነው፤ ፈሳሹ ወደ ሥጋው የሚገባው በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ትልቅ ናሙና መከፈት አለበት። በመቆንጠጫ አጥብቆ መያዝም ሴሎቹን ያደቃቸዋል። ከአወዳይ የተቀጠፈ ጫት በየቀኑ፣ በሰዓታት ውስጥ፣ ሳይጠወልግ ጅቡቲ ይደርሳል፤ መንገዱም፣ መኪናውም፣ ጥድፊያውም አለ። አንድ የቆዳ ቅንጣት የሚፈልገው ከዚያ ያነሰ ነው።

ከናሙናው ጋር በሚላከው ወረቀት ላይ መጻፍ ያለበትም አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚጻፈው “የቆዳ እብጠት” የሚል ብቻ ነው። የታካሚው ዕድሜ፣ እብጠቱ የወጣበት ትክክለኛ ቦታ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደነበረ፣ በምን ፍጥነት እንዳደገ፣ መጠኑ። እና ደግሞ ሁልጊዜ የሚረሳው፦ ከመቆረጡ በፊት ምን ተደርጎበት ነበር? በአፍሪካ ቀንድ እብጠትን በእሳት መተኮስ፣ የቁልቋል ወተት መቀባት የተለመደ ነው። ዘመናዊውም መድኃኒት ከዚህ አያመልጥም፤ ለኪንታሮት የሚቀባው ፖዶፊሊን ሴሎች መከፋፈል ጀምረው መሃል ላይ እንዲቆሙ ያደርጋል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ናሙና የተወሰደለት ኪንታሮት በመነጽር ሲታይ ካንሰር ሊመስል ይችላል። ታካሚው አፍሮ ካልተናገረ፣ ሐኪሙም ካልጠየቀ፣ ፓቶሎጂስቱ ያንን ከየት ያውቃል? እዚህ ላይ ሐኪም ሆይ፣ ሲጠይቁ አይቆጡ ማለት እወዳለሁ። “እናቴ፣ ምን ቀብተሽበት ነበር?” ብሎ በለሰለሰ ድምፅ የጠየቀ መልሱን ያገኛል።

ስለ ሴትየዋ አንድ ነገር ቀርቷል። አደገኛ አይደለም የሚለው ቃል እንኳ ትንሽ ጥንቃቄ ይከተለዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ካዱ፣ ማክሜናሚንና ፍሌቸር እንዲህ የተዛቡ ሴሎች ያሉባቸውን 59 ዕጢዎች ሰብስበው አጠኑ፤ አብዛኞቹ ሰላማዊ ሆነው ሲገኙ ጥቂቶች ተመልሰው መጥተዋል፤ እጅግ ጥቂቶች ደግሞ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ተሠራጭተዋል። ስለዚህ ሐኪሞች ዕጢው ከነጠርዙ ተጠርጎ መውጣቱን ማረጋገጥና ቦታውን አልፎ አልፎ ማየት ይመክራሉ። ጠባሳው ሥር አዲስ እብጠት ከመጣ መመለስ ነው። ይህንን ለእሷ በአማርኛ ቁጭ ብሎ የነገራት ሰው ቢኖር ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ ባልጨነቃት ነበር።

የእሷ ቅንጣት የተቀበረችበት የሰም ጡብ በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ለዓመታት ይቀመጣል። ከዚያው ጡብ አዲስ ገጽ ተገፎ፣ ሌላ ቀለም ተደርጎ፣ አዲስ አበባ ወይም ሌላ ቦታ ያለ ሁለተኛ ባለሙያ ሊያየው ይችላል፤ ውጤቱን የተጠራጠረ ታካሚ ይህንን መጠየቅ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልጋት የናሙናው ቁጥር ነው፤ እሱም ፈረንሳይኛው ወረቀት ላይ፣ ከስሟ ቀጥሎ ተጽፏል።